ለአሜሪካ የተቋጠረ ማሾ

በዘጠና ሰባት፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ አሜሪካን ውሃ በላት ተባለ። እኔ ወሬ አላምንም፤ አስፋልቱ ዳር ካለው ሆቴል በር ቆሜ በቴሌቪዥን አየሁት። ሰው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ጨርቅ ያውለበልባል። የኛ ሮቢ ወንዝ ሲሞላ ፍየልና ሽንኩርት ነው የሚወስደው፤ የነሱ ከተማ ወሰደ። ምን ነገራቸው ትንሽ ነው!

ድርቁ ከመጣ ወዲህ የምበላው የነሱን ስንዴ ነው። ያበላኝ ሰው ሐዘን ሲቀመጥ ቤቴ ልዋል? እናቴ እንዲያ አላሳደገችኝም። ለክፉ ቀን ያልኩትን ማሾ፣ ያቺን አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ለቅሜ ቋጠርኩ።

ጎረቤቴ ሩቂያ ስታየኝ ሳቋን ለቀቀችው።

«ወላሂ አብደሻል! ሀብታሞች ናቸው እኮ!»

«ሀብታም ቤት ለቅሶ አይደረስም?»

«ይደረሳል።»

«ባዶ እጅ?»

ወደ ቤቷ ዞረች። ገብታ አንድ ጣሳ ማሾ አምጥታ ጨመረችልኝ።

እርዳታ የሚያድለው ልጅ እዮኤል ይባላል፤ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ጭቃ ሲያይ ሱሪውን የሚሰበስብ። ቋጠሮውን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ፣ «እትዬ አሰገደች፣ ምነው ባይቸገሩ» አለኝ።

«ላንተ መሰለህ? ለአሜሪካ ነው።»

ሳቀ። እንዳልሳቅሁ ሲያይ ተወው።

«እትዬ፣ እኛ እንሰጣለን እንጂ አንቀበልም። ደግሞስ እነሱ ምን ጎደላቸው?»

«ጣሪያ ላይ የወጣ ሰው መሬት ጎድሎት ነዋ!»

«መንግሥት አላቸው።»

«እኛስ የለንም? አላቸው ብላችሁ ስንዴውን ተዋችሁት?»

በሩን አየት አድርጎ ቋጠሮውን ወደ እኔ ገፋው።

«በል እንግዲህ» አልኩት፣ «እህሌን የማይበላ ሰው እህሉን አልበላለትም።»

ኩራት ወጥ እንደማይሆን አውቃለሁ። ጎተራዬ ባዶ ነበር፤ የሩቂያንም ሽንኩርት ጎርፍ ወስዶታል። ያላትን ቂጣ ቆርሳ ስትልክልኝ ግን በላሁ፤ እሷ የኔን ትበላለቻ! ስንዴ የታደለ ቀን ከቤቴ አልወጣሁም።

በሳምንቱ እዮኤል ራሱ መጣ።

«እባክዎ እትዬ፣ ስንዴውን ይውሰዱልኝ። ነገ ስንዴውን የሚልኩት ፈረንጆች ይመጣሉ፤ ተርቦ እምቢ ያለ ሰው አለ ብላቸው ማን ያምነኛል?»

«ማሾውስ?»

«አሜሪካ ድረስ በምን ላድርሰው?»

ሩቂያ ከደጅ ሆና፣ «ሐዘንተኛው ከራቀ ዘመዱ ይበላለታል፤ ደመወዝህ ከማን ነው?» አለችው።

ማሾው እሳት ላይ ነበር። አቀረብኩለት። ሁለቴ ጎርሶ እጁን ሊሰበስብ አለ።

«አሜሪካ ጠገበች?»

«ጠገበች፣ እትዬ።»

«ይሄን ያህል አገር በሁለት ጉርሻ? ብላ!»

ጨርሶ፣ ላብ አጥምቆት ሄደ።

በማግሥቱ አንገቴን ቀና አድርጌ ስንዴዬን ልወስድ ሄድኩ። ቀይ ፊት ያለው ፈረንጅ በእዮኤል አፍ፣ «እናት፣ የሚሉት አለ?» አለኝ።

ነጠላዬን አስተካክዬ፣ «እግዜር ያጥናችሁ። የተረፈውን ይባርክላችሁ። ከእንግዲህ ክፉ አይንካችሁ» አልኩት።

እዮኤል ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ። ፈረንጁ በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀና፣ አንድ ቆርቆሮ ዘይት እንዲጨምሩልኝ አዘዘ።