መስኮቱ ላይ የወጣችው ጉንዳን

ቢልቂስ የጉንዳን ፎቶ አንስቼ መስኮቱ ላይ ልስቀል ባለች ቀን፣ ሥራ የምትለማመድበት የደሴ ፒያሳ ፎቶ ቤት ባለቤት ጋሽ ሞላ ወጪ ወራጁ እየሰማ ማሉ። "እኔ ቁሜ እዚህ መስኮት ላይ ከሙሽራ በቀር አይሰቀልም!"

የደንበኞቹን ሳቅ ዋጥ አድርጋ አለፈች፤ እልሁ ግን ውስጧ ቀረ። ኮምቦልቻ ግቢዋ ውስጥ ትንሹን እንዲያጎላላት ሌንሷን ገልብጣ ካሜራው ላይ ገጥማ፣ ወር ሙሉ በደረቷ ተኝታ ጉንዳን አሳደደች። ሙቀቱ ያስሮጣቸዋል፤ ካሜራዋ የያዘው እግርና ጥላ ብቻ ሆነ።

አንድ ጠዋት በፎቶ ቤቱ መብራት ልሞክር ብላ፣ አንዷን በክብሪት ቀፎ ይዛ በሚኒባስ ደሴ ወጣች። ቀፎውን ስትከፍተው ጉንዳኗ ድርቅ ብላለች።

"ያ አላህ፣ ገደልኳት!"

ነጭ ወረቀት ላይ አወጣቻት። ለካስ የደሴ ብርድ ነው ያደነዘዛት! ጉንዳኗ ቀስ ብላ ሁለቱን ቀንዶቿን አነሳችና ሌንሱን ፊት ለፊት አየችው። ቢልቂስ ትንፋሿን ውጣ አነሳቻት።

ጋሽ ሞላ ምስሉን ሲያዩ መነጽራቸውን ሁለት ጊዜ ጠረጉ። የፊቷ ጠጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

"ሠላሳ ዓመት ሰዉን ሁሉ 'ቀና በል፣ አትነቃነቅ' ስል ኖሬ፣ እንዲህ የታዘዘልኝ የለም" አሉ።

"ታዲያ መሐላዎስ ጋሼ?"

ጋሽ ሞላ ወንበር ላይ ወጥተው ከመስኮቱ መሀል የገዛ ሠርጋቸውን ፎቶ አወረዱ።

"እኔ በሠርጌ ቀን ዐይኔን ጨፍኜ ነው የተነሳሁት። የዛሬዋ ሙሽራ አልጨፈነችም። ስቀያት!"