በረኛዋ አራስ

አራስ መርዶ አይነገራትም። ጋይንት ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። መርዶ የሰማች አራስ ጡቷ ይነጥፋል፣ ብርድ ይመታታል፣ አእምሮዋም ይነካል ይባላል። ስለዚህ አድማሱ የተሳፈረበት አይሱዙ ጉና ላይ ተገልብጦ አድማሱ ሲሞት፣ የንፋስ መውጫ ሰው በመጀመሪያ የጠየቀው «እንዴት ሞተ?» ብሎ አልነበረም። «ሚስቱ ሰማች ወይ?» ብሎ ነው።

አልሰማችም። ተዋበች የበኩር ልጇን ታቅፋ ከመጋረጃው ኋላ ተኝታ ነበር። ሕፃኗ ወንድ ብትሆን ኖሮ ክርስትናው በአርባ ቀን ያልቅና ምስጢሩም ቶሎ ይገላገል ነበር። ሴት በመሆኗ ሰማንያ ቀን መጠበቅ ግድ ሆነ። የነፍስ አባቷ ቄስ ይርጋ ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ፈረዱ።

«አስከሬኑ ስማዳ፣ ከአባቶቹ ጎን ይረፍ። ለእሷ ከክርስትናው ማግስት ጎህ ሲቀድ እኛው እንነግራታለን። እስከዚያ እዚህ ቤት እንባ እንዳይታይ፤ ገዝቻለሁ።»

ከግዝቱ በኋላ ያን ቤት ያየ ሰው የጥጋብ ቤት ይመስለው ነበር። የተዋበች እናት እማማ እሌኒ አማቻቸውን እንደ አብራካቸው ክፋይ ይወዱት ነበር። ጥቁሩን ቀሚስ ከውስጥ፣ ነጩን ከላይ ለበሱ። ጓሮ ሄደው፣ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰው ያለቅሱና ፊታቸውን ታጥበው ሲመለሱ «የኔ አራስ፣ ዛሬስ እንዴት አምሮብሻል!» ይላሉ። ከዚያ ሄደው በር ላይ ይቀመጣሉ። ከል የለበሰ አያልፍም፤ ዓይኑ የቀላ አያልፍም፤ አፉ የማያርፍማ ከአጥሩም አይደርስ። ለተዋበች የተነገራት አድማሱ መንገድ ተዘግቶበት አዲስ አበባ ቀረ፣ ስልኩንም ሌባ ወሰደበት የሚል ነው። ጊዜው ጊዜ ሆኖ ውሸቱ ከእውነት ይልቅ እውነት መሰለ። መንገዱ በእርግጥም ይዘጋል፤ ኔትወርኩም ሲያሻው ይመጣል፣ ሲያሻው ይሄዳል።

አሁን ወደ አላምረው እንምጣ። አላምረው የተዋበች ታላቅ ወንድም ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ያስተምራል። ሲበዛ ጠንቃቃ ነው። ከቤት ሲወጣ በሩን ቆልፎ ተመልሶ የሚገፋ፣ ገፍቶም የማያምን ሰው ነው። ጉድ የሠራውም ይኸው ጥንቃቄው ነው።

አድማሱና ተዋበች የጋይንትን ገብስ በሶና ቆሎ እያደረጉ አዲስ አበባ የሚልኩ ነጋዴዎች ነበሩ። አላምረው በዎርድፕረስ ድረ ገጽ ሠራላቸው። ዎርድፕረስ ማንም እንደ ምንጭ ውኃ በነፃ ቀድቶ የሚጠቀምበት ነገር ነው፤ ሠሪዎቹ ምስጢሩን አልደበቁትም፣ የፈለገ ከፍቶ ያየዋል፣ እንዳሻው ይቀጥልበታል። አድማሱ የዕቃውን ፎቶ ይለጥፍበት ነበር። ተዋበች ደግሞ ጽሑፍ ጀመረች። ለበሶ የትኛው ገብስ እንደሚመረጥ፣ ሲቆላ ምን ሲሸት ከእሳት እንደሚወርድ፣ የሰነፍ ሴት በሶ በምን እንደሚታወቅ እያዋዛች ትጽፋለች። አንባቢው ከሥር አስተያየቱን ይጽፋል፣ ይስቃል፣ እዚያው ያዝዛል። ድረ ገጹ ያለቀ ዕለት አላምረው ለጥገና የራሱን መግቢያ አስቀርቶ፣ የአስተዳዳሪነቱን ይለፍ ቃል ለእህቱ ሰጣት።

«ቤቱ የእናንተ ነው፤ ቁልፉም ካንቺ ይሁን። እኔ ግንበኛ ነኝ» አላት።

ከቀብሩ በኋላ፣ ከስማዳ በተመለሰ በማግስቱ፣ አላምረው መምህራን ማረፊያ ቁጭ ብሎ ድረ ገጹን ከፈተ። ከተዋበች የበሶ ጽሑፍ ሥር አንድ ደንበኛ «ነፍስ ይማር። አድማሱን የመሰለ ደግ ሰው እንዲህ በመንገድ ይቅር?» ብሎ ጽፏል። አላምረው አስተያየቱን ወዲያው አጠፋው፤ እህቱ እንዳላየችውም ቤት ሄዶ ከሁኔታዋ አረጋገጠ። ግን ነገስ? ስልኳን ቢነጥቋት ትጠረጥራለች፤ አራስ ከስልኳ ሌላ ምን ጓደኛ አላት? የአስተያየት መስጫውን ጨርሶ ቢዘጋው «ትዕዛዛችን በምን ሊመጣ ነው?» ማለቷ አይቀርም። ሲያወጣ ሲያወርድ ቆይቶ መላ አገኘ። ማንኛውም አስተያየት አስተዳዳሪ ሳይፈቅድለት ድረ ገጹ ላይ እንዳይወጣ አደረገ። ከውጭ ሆኖ ቢያየው ንጹሕ ነው። ክፉ ወሬ የጻፈ ሁሉ ውጭ ቆሞ ይቀራል።

«በስልኩ በኩል ያለውን እኔ ዘግቸዋለሁ» አላቸው እናቱን።

«ተባረክ ልጄ። የኔን በር እኔ እጠብቃለሁ፣ ያንተን አንተ ጠብቅ» አሉት።

ምስኪን! እናቱ በር ላይ የተቀመጡት አራሷ ውስጥ ስለሆነች ነው። እሱም ድረ ገጹን እንደዚያ ቤት አየው፤ ሰው ከደጅ ከተመለሰ ውስጥ ያለው አይሰማም ብሎ አሰበ። ድረ ገጹ ላይ ግን በረኛዋ ተዋበች ራሷ ናት። ከደጅ የቆመው ሁሉ ልግባ ብሎ የሚጠይቀው እሷን ነው። አገር እንዳያየው የከለከለውን ወሬ ለአንድ ሰው ብቻ አሰልፎ ሰጠ፤ ያም ሰው እንዳትሰማ የተባለችው ናት። ኮምፒውተር አስተማሪ ነው፤ ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሐዘን የያዘው ሰው ግን የሚያስበው እናቱ እንዳሳደጉት ነው።

ወዲያው ኔትወርክ ጠፋ። በአንድ ቅዳሜ ተመለሰ፤ ትምህርት ቤቱ ዝግ ነበር። ሰኞ አላምረው ሲከፍተው ፈቃድ የሚጠብቅ አስተያየት አንድም የለም። «ሰው ረስቶታል ማለት ነው» አለና እፎይታም ቅያሜም ተሰማው። ከዚያ ወዲህም በከፈተ ቁጥር ባዶ ነው። በዚያው ሰሞን ወደ እህቱ ጎራ ብሎ «አድማሱ እኮ ደኅና ነው አሉ፤ መንገዱ ብቻ ነው» አላት። «እንዲያ ከሆነ ተመስገን» አለችው። ለአርባው ወደ ስማዳ ሲሄዱ ሰርግ ነው አሏት፤ ለሙሽሮቹ ምርቃት ላከች።

የተዋበች ጡት ግን ነጠፈ። እማማ እሌኒ ያላደረጉት የለም፤ አጥሚት አጠጡ፣ ጠበል አስረጩ፣ ጡቷን በሙቅ ውኃ አሹ። ሕፃኗ በላም ወተት ሆዷ እየተነፋ፣ እግሯ እየቀጠነ ሄደ።

«ምን ብንበድለው ነው?» አሉት ልጃቸውን በር ላይ። «ምንም ሳትሰማ! ይህን ሁሉ ሰውረንላት!»

ለክርስትናው ጥቂት ቀን ሲቀር አንድ የአዲስ አበባ ደንበኛ ለአላምረው ደወለ። ትንሽ ቅር ብሎታል። «ሐዘናችንን ብንገልጽ አንድ እንኳ የሚመልስ ይጥፋ? ስንታችን ጻፍን!» አለ። አላምረው «ማንም አልጻፈም» ሊል ነበር። ስልኩን ዘጋና ኮምፒውተሩን ከፈተ፤ የተጣሉ አስተያየቶች ወደሚቀመጡበት ገባ። ነፍስ ይማር። ነፍስ ይማር። እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ለልጁ እናት መጽናናትን ይስጣት። ላይ ታች ቢለው አያልቅም። እሱ አንዱንም አልጣለም። ሌላ አስተዳዳሪ ደግሞ አንድ ብቻ ናት።

ክፍለ ጊዜ ነበረው፤ ተማሪዎቹን ትቶ ወጣ።

እናቱ በር ላይ ስቀው ተቀበሉት። ተዋበች ከመጋረጃው ኋላ ሕፃኗን ታቅፋ ተቀምጣለች። ፊቱን አየችና «እማዬ፣ እስቲ ትኩስ አጥሚት ሥሪልኝ» ብላ እናቷን ወደ ማድ ቤት ሸኘች።

«አየኸው?» አለችው።

ከመደቡ ሥር ተንበረከከ።

«ኔትወርክ የመጣ ቅዳሜ ነው» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ትዕዛዝ መስሎኝ ከፈትሁት። ለያንዳንዱ ‹ፍቀድ› ወይም ‹ጣል› ይለኛል። ባሌ ሞቶ ይፈቀድ አይፈቀድ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል፣ ወንድም ዓለሜ። ምን ልበለው? ጣልሁት። አሁንም ይመጣል፤ አሁንም እጥለዋለሁ።»

«ምነው ብትጠሪኝ?»

«ጠርቸህ ምን ልትለኝ? መንገድ ተዘግቶበት ነው አልኸኝ እኮ። እዚሁ ቁመህ።»

አላምረው ያን ጊዜ አለቀሰ። እሷ አላለቀሰችም።

«አንዱ ‹ሲገለበጥ አብሬው ነበርሁ፣ ብዙ አልተሰቃየም› ብሎ ጽፏል። እውነት ነው?»

አስከሬኑን ከመኪናው ሥር ካወጡት ሰዎች አንዱ አላምረው ነው። «እውነት ነው» አላት።

«አርባውን ሰርግ ነው ብላችሁኝ ስትሄዱ ብርድ ልብሱን ነክሸ ዋልሁ። እማዬ በየሰዓቱ እየገባች ታስቀኛለች። እሷ ለኔ ትስቃለች፣ እኔም ለሷ እስቃለሁ። እንባዬ እንደ ጡቴ ነጥፏል፤ ብፈልገውም የለም።»

«ለእናቴ ልንገራት፤ ለቄስ ይርጋም ልንገራቸው።»

«በዚች ልጅ ይዠሃለሁ፣ እንዳትነግራት!» ክንዱን ጨምድዳ ያዘችው። «ልጄን አዳንሁ ብላ ነው የቆመችው። በከንቱ መሆኑን ከሰማች ትሞትብኛለች። ጡቴ በማን እጅ እንደነጠፈ ከሰማች ደግሞ ትረግምሃለች። የእናት እርግማን አትችለውም።»

እማማ እሌኒ አጥሚቱን ይዘው ገቡ። «ምን ትንሾካሾካላችሁ? አድማሱ ለክርስትናው የሚልከውን ስጦታ ነው?» ብለው ሳቁ። ሁለቱም ሳቁላቸው።

ክርስትናው አለፈ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ቄስ ይርጋ ሽማግሌዎቹን አስከትለው መጡ። ከኋላቸው የስማዳ ሰዎች አሉ፤ የአድማሱ እናት እማማ ጌጤ ፊታቸውን ነጭተው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው ከፊት ቆመዋል። ቄሱ «ልጄ፣ እግዚአብሔር ሰጠ፣ እግዚአብሔር ነሣ» ሲሉ ቤቱ በጩኸት ተናጋ። ተገዝቶ የከረመ እንባ ሁሉ በአንድ ጊዜ ፈነዳ። እማማ እሌኒ መሬት ላይ ተንከባለሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ወደ ተዋበች ዞረ፤ ሊይዛት፣ ሊደግፋት፣ ደረቷን ስትመታ እጇን ሊይዝላት ተዘጋጅቶ።

ተዋበች ቆማለች። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ አሸች፤ ደረቅ ነው። ሞከረች፤ እንባ ግን በትእዛዝ አይመጣም። የለቅሶው ድምፅ እየቀነሰ፣ ዓይኑ እየበዛ መጣ።

«አንዲት ዘለላ!» አሉ እማማ ጌጤ። «ለልጄ አንዲት ዘለላ እንባ አጣሽለት? ምን አድርጎሽ ነበር? ምን በድሎሽ ነበር?»

አላምረው ሰዉን ገፍቶ ወደ ፊት ወጣ። ሊናገር ነው። ተዋበች ከማዶ አየችው፤ ሕፃኗን ከፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻትና ራሷን ነቀነቀችበት። አላምረው እናቱን አየ። ቃሉን ዋጠና እንባ ብቻ ወጣው። ደረቱን እየመታ፣ ሰው እስኪይዘው ድረስ ጮኸ። ከስማዳ የመጡ ሴቶች ደግፈው ውኃ ረጩት፤ ግንባሩን አበሱለት።

«እሱ ይሻላል» አለች አንዷ ለሌላዋ፣ ተዋበች እየሰማች። «ወንድሟ እንኳ አዘነለት።»