ቂጣው በፊት በር ይግባ

ኤሊሽዋ ቲቸር በዘጠና ሦስት ዓመታቸው ያረፉት ቅዳሜ ቀን ነው። ቀኑን ራሳቸው የመረጡት ይመስለኛል። በሥራ ቀን ቢሞቱ ትምህርት ቤቱ ይዘጋ ነበር፤ ትምህርት ቤት የሚያዘጋ ነገር ደግሞ አይወዱም።

በእኛ አገር በዓመቱ ውስጥ ሞት የገባበት ቤት የጸሎተ ሐሙስ ቂጣ አይጋግርም። ሌላው ሩዝና ጥቁር ማሾ ፈጭቶ፣ ያለ እርሾ በእንፋሎት ሲያበስል፣ ሐዘንተኛው ቤት እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ጎረቤት ነው ጋግሮ የሚያመጣለት። ከመጣው ውስጥ አንዱን የቤቱ አባወራ የሆሳዕና ዘንባባ በመስቀል ቅርጽ አድርጎበት፣ ጸልዮ ይቆርሰዋል። የተረፈው ለልጅና ለሠራተኛ ይታደላል።

የቲቸር ቤት፣ ኩነል የሚባለው፣ ኮረብታው ላይ ነው። የእኛ ቤቶች ከቦዩ ማዶ ናቸው። አያቶቻችን የተጠመቁት የኩነል ሩዝ አጫጅ ሠራተኞች ሆነው ነው። ቤተ ክርስቲያናችን አንድ ነው፤ መቃብራችንም ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ ሆኗል። ቂጣ ግን ከቦዩ ማዶ ተነሥቶ በኩነል ገበታ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። ሁሉ የሚያውቀው ነገር አይጠየቅም።

ዘንድሮ ግን እንደሚወጣ ለቲቸር ቃል ገብቼ ነበር።

ቲቸር አስተማሪ የሆኑት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ወንዙን በታንኳ ተሻግረው፣ በክረምት ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ነጭ ልብሳቸውን ጭቃ ሳይነካው ክፍል ይገባሉ ይባል ነበር። ጭቃውም ሳይፈራቸው አልቀረም። ዘጠኝ ልጆች ወለዱ። ሁለቱን ቀበሩ፣ ሁለቱ መነኮሱ፣ አራቱ ዓረብ አገር ገቡ፣ አንዱ ቀረ። «ሁለቱ ከእግዚአብሔር ዘንድ ናቸው፣ ሁለቱ ለእግዚአብሔር ይሠራሉ፣ አራቱ ለነዳጁ። ኩርያኮስ ለእኔ» ይሉ ነበር። ኩርያኮስ ይሄን ሲሰማ ዝም ይላል። እናቱ ካሉበት ክፍል ውስጥ ሌላ ነገር ሲያደርግ አላየሁትም።

ማታ አንድ ሰዓት የመቁጠሪያ ጸሎት ነው። በዚያ ሰዓት ኩነል ቤት የተገኘ ሁሉ ይንበረከካል። የኢንሹራንስ ሻጭ ተንበርክኳል። አንድ ጊዜ የኮሙኒስቱ ፓርቲ ዕጩ ለቅስቀሳ መጥቶ ሰዓቱ ደረሰበትና ጸሎቱን እስከ መጨረሻው አድርሶ ነው የወጣ። በሩ ላይ «እማማ፣ ድምፅዎን ይሰጡኛል?» አላቸው።

«ስትጸልይ አንቀላፍተሃል» አሉት። «ምክር ቤትም ታንቀላፋለህ።»

እኔ የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት የገባሁት በሠላሳ ዓመቴ ነው፣ የተማሪ ምሳ ላበስል። ፊደል አላውቅም ነበር። ቲቸር ያኔ ዋና መምህር ናቸው። በሦስተኛው ቀን መጥተው የሩዝ ጆንያ ላይ በጣታቸው ጠቆሙ።

«ቬሮኒ፣ እዚህ ላይ ምን ይላል?»

«ሩዝ ይላል፣ ቲቸር።»

«አንብበሽ ነው?»

«ጆንያው ውስጥ አይቼ ነው።»

አልሳቁም። በማግስቱ ከሰል ይዘው መጡና ከጆንያው ጀመርን። በዓመቱ መጨረሻ ፈተኑኝ፤ ጣሉኝ። አለቀስኩ። «እኔ በአዘኔታ አሳልፌ አላውቅም» አሉ፤ «አንቺን ባሳልፍ ማንበብ ትችያለሽ ማለት ነው? አትችዪም።» በሁለተኛው ዓመት አለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ለብቻዬ ነው፤ ብዙውም ዕቃ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ነበር። ወሬው ብዙ ጊዜ መሀሉ ላይ ይቆረጣል፤ የቀረውን ራሴ እጨርሰዋለሁ።

ከሠላሳ ስምንት ዓመት በፊት የቲቸር ባል ሞቱ። በሕማማት ሰኞ ቲቸር ወጥ ቤት መጥተው፣ «ሐሙስ ቂጣ ታመጪልኛለሽ» አሉ።

«እኛ ሰፈር ማን ጋግሮ ያውቃል?»

«ዘንድሮ ይጋገራል» ብለው ሄዱ።

እኔ የማውቀው የዘወትሩን የሩዝ ቂጣ ነው፤ ከኮኮናት ዛፍ የሚቀዳ ጠላ ጠብ ተደርጎበት የሚነፋውን። ለቲቸር ነው ብዬ ጠላውን አበዛሁት። ባሌ ቻኮ ከሰፈሩ ምርጡን ለምኖ አመጣ። ቂጣው እንደ ትራስ ተነፋ። ሰፈሩ በሙሉ እየመጣ አየው፤ ኮራን። የሐሙስ ቂጣ እርሾ እንደማይገባበት በየዓመቱ በስብከት ሰምተናል። ስብከት ከማብሰያ ጋር ይገናኛል ብሎ ያሰበ ግን አልነበረም።

በጓሮ በር የተቀበሉኝ እማማ ትሬስያ ናቸው፣ የሟቹ እህት። በጣታቸው ጫን አሉት። ቂጣው ተጫነና ተመልሶ ተነሣ።

«እርሾ» አሉ። ከዚያ ሌላ ቃል አልተናገሩም። ወስደው ለዶሮ በተኑት። ዶሮዎቹ አልተጸየፉትም።

ቲቸር ከመስኮት አይተው ኖሯል። ባልዋ የሞተባት ሴት ዓመቱ ሳይሞላ ከቤተ ክርስቲያንና ከሥራዋ በቀር የትም አትሄድም። እሳቸው ግን የሩዝ ዱቄትና የማሾ ዱቄት ይዘው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ቦዩን ተሻግረው ቤቴ ገቡ። ቻኮ ደንግጦ ሸሚዙን ገልብጦ ለበሰ።

«መልስሽ ስህተት ነው» አሉኝ። «እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ ቸኩለው ነበር። ቡኩ እስኪነሣ የሚጠብቁበት ጊዜ አልነበራቸውም። አንቺ ጊዜውን ከየት አመጣሽው?»

«እማማ ትሬስያ ለዶሮ ሰጡት።»

«በእርሾው ትሬስያ ልክ ናት። በዶሮው ልክ አይደለችም። ሁለቱን አታደባልቂ። አሁን ድጋሚ ፈተና ነው፤ ውኃ ጣጂ።»

በርጩማዬ ላይ ተቀምጠው እስኪበስል ጠበቁ። ቻኮ ጸለየ፣ ቆረሰ። በሉ። ለአባወራው ዕድሜ ጸለዩ፤ ቻኮ አባወራ መባሉን ከዚያ ቀን በኋላ አልረሳም፣ እኔም እንድረሳው አልፈቀደም።

ሲመለሱ እስከ ቦዩ ሸኘኋቸው። ድልድዩ ላይ ቆሙ።

«ቬሮኒ፣ የእናንተን ልጆች አሥራ ሁለት ዓመት የኋላ ወንበር ላይ አስቀምጫለሁ። ማንም አላዘዘኝም። ሲደረግ አይቼ ነው ያደረግሁት። ኋላ ተናዘዝኩ። አባ የሰጡኝን ቅጣት ታውቂያለሽ? ሦስት ጊዜ ሰላም ለኪ። ለአሥራ ሁለት ዓመት፣ ሦስት ሰላም ለኪ። እኔ እንዲህ አድርጌ ነጥብ ብሰጥ ከሥራ እባረር ነበር።»

«ታዲያ ምን አደረጉ?»

«ሦስቱን እዚያው ደገምኩ። የጎደለውን ራሴ እየሞላሁ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ሁለተኛ አላነሡም። በየዓመቱ ጸሎተ ሐሙስ ግን የራሳቸው ቤት ቂጣ ሲቆረስ አንድ ቁራሽ በልተው፣ ወርደው እኛ ቤት ሌላ ይበሉ ነበር። ኮረብታው ላይ ያሉት «ቲቸር እግራቸውን እያፍታቱ ነው» ይሉ ነበር። እስከ ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ድረስ አፍታቱ፤ ከዚያ ጉልበታቸው እንቢ አለ።

ባለፈው ነሐሴ አልጋ ላይ ሆነው፣ በቀይ እስክሪብቶ የጋዜጣውን ስህተት እያረሙ አስጠሩኝ።

«ስሞት ቂጣ ይዘሽ ትመጫለሽ። በፊት በር። በገበታው ላይ ይቀመጥ። እኔ እንግዲህ ወርጄ ልበላልሽ አልችልም።»

«ቢመልሱኝስ?»

«ቂጣሽ ልክ ከሆነ በምን ይመልሱሻል?»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ያስተማረ ሰው፣ ልክ የሆነ መልስ ሁልጊዜ ነጥቡን ያገኛል ብሎ ያምናል። አልተከራከርኳቸውም። «እሺ» አልኩ። እሺ ብሎ መቅረት ደግሞ በእሳቸው ዘንድ ከመዋሸት ይብስ ነበር።

ዐቢይ ጾምን በሙሉ ተለማመድኩ። ዐርብ ዐርብ ጋገርኩ። አንዱ ጠጠረ፣ አንዱ ተሰነጠቀ፣ አንዱ ላላ። ቻኮ ሁሉንም በላ። «ቲቸር እኔንም አብረው ነው የቀጡ» አለ። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ጥርሱ ግን ደኅና ነው።

ሐሙስ ከእግር ማጠቡ ሥርዓት በኋላ፣ ቂጣውን ከነምጣዱ በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ኮረብታውን ወጣሁ። የዘንባባውን መስቀል ከላይ አድርጌበታለሁ። በፊት በር ስገባ የኩርያኮስ ሚስት ሊሲ ፈጥና መጣች።

«ውይ ቬሮኒ፣ ለምን ተቸገርሽ። ስጪኝ፣ በጓሮ በኩል ላስቀምጠው።»

«አልተቸገርኩም። ለገበታው ነው።»

«ገበታው ሞልቷል እኮ።»

እውነቷን ነው። ከኮረብታው ዘመዶች ስድስት ቂጣ መጥቷል፤ ስድስቱም የየራሱን የዘንባባ መስቀል አድርጎ እንደ ስድስት ጳጳስ ተደርድሯል። ኩርያኮስ ቢላዋ ይዞ ቆሟል። ስድሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ እናቱ ሳይነግሩት ቂጣ ሲቆርስ የመጀመሪያው ነው። እማማ ትሬስያ በገበታው ራስ በኩል ተቀምጠዋል። ሰማንያ ዘጠኝ ሞልቷቸዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን አልደከመም።

«ወዲህ አምጪው» አሉ።

አቀረብኩላቸው፤ ምጣዱን ከእጄ አልለቀቅሁም። ጨርቁን ገልጠው ጫን አሉት። ሐኪም ሆድ ሲነካ እንደሚያደርገው በሦስት ቦታ ጫኑት። አልተነሣም።

«እርሾ የለበትም» አሉ፣ እንደ ማዘን ብለው። ከዚያ ደግሞ፣ «ቆይ። አንቺ ኤሊሽዋ ስትሞት ‹እናቴ ሞተች› ብለሽ አላለቀስሽም? ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል።»

«አልቅሻለሁ፣ እማማ።»

«እናትሽ ከሞተች ቤትሽ ሞት ገብቶበታል። ሞት የገባበት ቤት ይጋግራል?»

ሊሲ በረጅሙ ተነፈሰች። እኔም ከልቤ አደነቅሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት አስበውበት ቢሆን እንኳ ከዚህ የተሻለ አይመጣም። ምጣዱ ከባድ ነው፤ ክንዴ መዛል ጀምሯል። ግን የት እንደማስቀምጠው፣ ገበታው ላይ ይሁን ጓሮ፣ ገና አልተወሰነም።

«እማማ ትሬስያ፣» አልኩ፣ «የቀብሩ ቀን ከሣጥኑ አጠገብ ቆሜ ነበር። ሊሲ መጥታ ክንዴን ይዛ ‹ይሄ የቤተሰብ ቦታ ነው፣ እባክሽ ወደ ኋላ› አለችኝ። ወደ ኋላ ሄድኩ።»

ሊሲ መሬት አየች።

«ያን ቀን ከፍቶኝ ነበር። አሁን ሳስበው ውለታ ነው የዋለችልኝ። ቤተሰብ ካልሆንኩ ጎረቤት ነኝ። ቂጣ የሚያመጣው ጎረቤት ነው። የለም፣ ቤተሰብ ነሽ ካላችሁኝም አልከፋም። ቂጣዬን ወደ ቤቴ እመልሳለሁ፤ ለእኔ ግን ወንበር አምጡልኝ፣ እዚሁ ከእናንተ ጋር እቀመጣለሁ። ከሁለቱ አንዱን ምረጡ። እኔ እቆያለሁ።»

ቆየሁ። ሊሲ ወንበሮቹን አየች፤ ከዚያ ቂጣውን አየች፤ የቱ እንደሚቀላት ታሰላለች። እማማ ትሬስያ ከንፈራቸውን መጠጡ።

በመጨረሻ የተናገረው ኩርያኮስ ነው።

«አክስቴ፣ ከእነዚህ ከስድስቱ አንዱን ብቆርስ አምስቱ ዘመዶቼ ይቀየሙኛል» አለ። «ከጠዋት ጀምሮ የማስበው ይሄንኑ ነው። የቬሮኒን ብቆርስ ስድስቱም እኩል ይቀየማሉ።»

«ይሄ ምክንያት ነው?» አሉ እማማ ትሬስያ።

«ለእኔ ይበቃኛል። ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱን ግን እናቴ ታውቀዋለች።»

የስድስቱን መስቀል አንድ በአንድ አንሥቶ፣ ቂጣዎቹን ወደ ጎን ገፋ። ምጣዱን ከእጄ ተቀብሎ መሀል አስቀመጠው። ክንዶቼ ብቻቸውን ወደ ላይ ተነሡ። ተንበረከክን። ኩርያኮስ ንባቡን እስከ መጨረሻው አነበበ። ከዚያ ቆረሰ።

የመጀመሪያው ቁራሽ ለቤቱ ትልቅ ሰው ነው። ወደ እማማ ትሬስያ ዘረጋላቸው። እጃቸውን ከጭናቸው ላይ ለማንሣት ጊዜ ወሰዱ። ቤቱ በሙሉ ያንን እጅ ያያል፤ እሳቸው ካልተቀበሉ ማንም አይበላም። ኩርያኮስ እጁን አላጠፈም። እኔም ከተንበረከክሁበት አልተነሣሁም።

ተቀበሉ። አፋቸው ውስጥ ከተቱት። ጥርስ የላቸውም፤ ብዙ ጊዜ አመነዠኩት።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

«ለሚቀጥለው አስተካክላለሁ።»

«በሚቀጥለው ዓመት ይሄ ቤት ለራሱ ይጋግራል። አንቺ ይዘሽ የምትመጪው ማን ሞቶ ነው?»

ሊሲን ሳል አነቃት። ኩርያኮስ የራሱን ቁራሽ እያገላበጠ ማየት ጀመረ።

«ዕድሜ ይስጥዎት፣ እማማ» አልኩ። «እኔ ማሾውን በየዓመቱ አስፈጭቼ አስቀምጣለሁ።»