የአስታዋሹ ዝምታ

አስታዋሹ ሥራው ለማንም የማይታይ ሰው ነው። ከመድረኩ በስተግራ፣ ከጎን መጋረጃው ጀርባ፣ አንድ እግሩ ባጠረ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። የድርሰቱን ጽሑፍ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ከተዋንያኑ ጋር ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል፤ ቃል የጠፋው ሲኖር ሹክ ይላል። ሕዝቡ ከሰማው ሥራው ተበላሸ ማለት ነው፤ ተዋናዩ ካልሰማው ደግሞ ጉድ ፈላ። በዚህ ሙያ ጭብጨባ የሚጠብቅ የለም።

እሱ ግን አንድ ጊዜ ጠብቆ ነበር። ፀጉሩ ጥቁር፣ ድምፁም አዳራሽ የሚሞላ ሳለ፣ ይኸው ዛሬም የሚታየው ተውኔት መጀመሪያ ሲዘጋጅ የጄኔራሉ ሚና ለእሱ ነበር የተሰጠው። ታሪኩ ጆሮ ጠገብ ነው። አንድን የጦር አዛዥ እንደ ወንድሙ የሚያምነው ጓደኛው ለጠላት አሳልፎ ይሰጠዋል። አዛዡ ከእስር አምልጦ ይመለሳል፤ ከሃዲውን ያንበረክከዋል፤ በደሉን አንድ በአንድ ይዘረዝርለትና በሰይፍ ይቀላዋል። ሕዝብ ይህን መቼም አይጠግብም። ከሃዲ ዋጋውን ሲያገኝ አይቶ ቤቱ ሲገባ ቅልል ይለዋል።

የአስታዋሹ የቅርብ ጓደኛ በዚያን ጊዜ በዚያው ተውኔት ውስጥ ጦር ይዞ በር ላይ የሚገተር ዘበኛ ሆኖ ነበር የሚሠራው። ከልምምድ በኋላ እሱ ቤት እየመጣ፣ ሚስቱ ያፈላችውን ሻይ እየጠጣ፣ ቃል ያስጠናው ነበር። ትርዒቱ ሊከፈት ጥቂት ሲቀረው ይኸው ጓደኛ ወደ ቲያትር ቤቱ ኃላፊ ሄደና «እሱ እኮ ከሌላ ቡድን ጋር ተዋውሏል፤ በመክፈቻው ዕለት ጥሏችሁ ሊሄድ ነው» ብሎ ነገር ሠራ። ነጭ ውሸት ነው። ኃላፊው ግን ደንግጦ ሚናውን ነጠቀው። ቃሉን በሙሉ የሚያውቅ ሌላ ሰው ማን ነበር? ዘበኛው ጄኔራል ሆነ፤ ስሙም በዚያው ጸና። የተነጠቀው ደግሞ ልጆች ነበሩትና፣ ብዙ ከተንከራተተ በኋላ የአስታዋሹን በርጩማ ሆድ ይፍጀው ብሎ ተቀበለ።

ሁለቱ በአንድ ጣሪያ ሥር አረጁ። ሰላምታ አልተነፋፈጉም፤ ከሰላምታ ያለፈ ግን ምንም አልነበራቸውም።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጄኔራሉ ቃል ይጠፋው ጀመር። ይህን በውል የሚያውቀው አስታዋሹ ብቻ ነው። ጄኔራሉ ለማሳመር ብሎ ዝም ሲል አገጩ ቀና ይላል፤ ሲጠፋው ግን የግራ አውራ ጣቱ የጣቱን ቀለበት ማሻሸት ይጀምራል። ጣቱ እንቅስቅስ ከማለቱ ቃሉ ከመጋረጃው ጀርባ ይደርስለታል። ለምን እንደሚያድነው አስታዋሹ ራሱን ጠይቆ አያውቅም። ሥራው ነዋ!

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ከትርዒቱ በፊት፣ ወጣቱ አዘጋጅ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ጋሼ፣ ዛሬ ኃላፊዎቹ የፊት ወንበር ላይ ናቸው። ጄኔራል አንዴ ከተሰናከሉ በቃ፣ ቤታቸው መግባታቸው ነው። አደራዎትን።»

«እሺ ልጄ» አለ አስታዋሹ። ከልቡም ነበር። ግን በመልበሻው ክፍል በር ሲያልፍ፣ ጄኔራሉ ፊቱን እየተቀባ ለአንዲት ወጣት ተዋናይት ሲያወራ ሰማ።

«ሚናው መጀመሪያ ለሌላ ሰው ነበር የተሰጠው» ይላል። «ስሙ ጠፋኝ። ሰነፍ ቢጤ ነበር መሰለኝ፤ ጥሎን ጠፋ።»

ዓይኑን በጨው አጥቦ ስሙ ጠፋኝ ይላል! አስታዋሹ ሄዶ በርጩማው ላይ ተቀመጠና፣ ዛሬ ከአፌ አንዲት ቃል ብትወጣ ብሎ ማለ።

እልህ ለማስጨረስ ይመስል ትርዒቱ ያለ እንከን ወረደ። እስከ መጨረሻው ትዕይንት አንድም ቃል አልተሳተም። ከሃዲው ተንበረከከ። ጄኔራሉ ሰይፉን አነሳ።

«አንተ!» አለ።

ከዚህ በኋላ የበደሉ ዝርዝር መምጣት ነበረበት። አልመጣም። አውራ ጣቱ ቀለበቱን ያሸው ጀመር። ዓይኖቹ ወደ ግራ መጋረጃ ዞሩ። አስታዋሹ ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር፤ ከንፈሩን ነክሶ ዋጠው። ተንበርካኪውን ተዋናይ ላብ አጠመቀው። ጄኔራሉ ሰይፉን አየት አደረገ፤ ምን ሊያደርግበት እንዳነሳው የጠፋው ይመስል ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ወለሉ ላይ አስቀመጠው፤ የተንበረከከውን ሰው ራስ ዳበስ አደረገና በማይወጣበት በኩል ወጣ።

አስታዋሹ ደስ አለው፤ ፈራም። ወዲያው ከፊት አንዲት ሴት ተንሰቀሰቀች። «ማረው!» አለ አንድ ሰው፤ «ማረው እኮ!» ሕዝቡ ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ኃላፊዎቹም ተነሱ። አዘጋጁ እየሮጠ መጣና አስታዋሹን ትከሻውን ይዞ ነቀነቀው።

«አዩልኝ ጋሼ? ንግግሩን ሰርዘን ከእንግዲህ እንዲሁ ነው የምንጨርሰው! ጄኔራል እስካሉ ድረስ ይህን ሚና ማንም አይነካባቸው!»

አስታዋሹ ሊቀብረው ተነስቶ ዘውድ ጫነለት። ቢያንስ በአፌ ልንገረው ብሎ ወደ መልበሻው ክፍል ገባ። ጄኔራሉ ብቻውን ተቀምጦ ከጫማው ማሰሪያ ጋር ይታገላል።

«አንድ ጓደኛ ነበረኝ» ሲል ጀመረ አስታዋሹ። ሻዩን፣ የጥናቱን ጊዜ፣ ለኃላፊው የተነገረውን ውሸት፣ በርጩማውን፣ ሁሉንም ዘረገፈለት። አንገቱን እስኪደፋ ነበር የሚጠብቀው። ጄኔራሉ ግን አንገቱን አልደፋም። ማሰሪያውን ትቶ በትኩረት አዳመጠ፤ ዓይኖቹ እንባ ሞሉ።

«እንዴት ያለ አረመኔ ነው!» አለ። «ቤትህ ገብቶ፣ ሻይህን ጠጥቶ?»

አስታዋሹ ፊቱን መረመረው። የዚህን ሰው የመድረክ ፊቶች አንድ ሳይቀር ያውቃቸዋል፤ ይህ ከእነሱ አንዱ አልነበረም።

«ታዲያ ተበቀልከው?»

«ሞክሬ ነበር» አለ አስታዋሹ።

ጄኔራሉ እጁን አፈፍ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው።

«አይዞህ ወንድሜ። ማን እንደሆነ ብቻ ንገረኝ፤ አብረን እንሄድበታለን።»