የቡላ ውሃ

ክብሪቱ ለአራተኛ ጊዜ ጠፋ። ሐዳሳ እንጨቱን መሬት ላይ ወርውራ አምስተኛውን ጫረች፤ እሱም ወደ ምድጃው አፍ ሲጠጋ ድርግም አለ። ቫልቩ ክፍት ነው። ከቧንቧው የሚወጣው ነፋስም ጣት ላይ ይሰማል። ጋዝ አለ፤ የሚነድ ጋዝ ግን የለም።

«ሞልቶ የማይነድ ነገር ገና ዛሬ ማየትሽ ነው?» አሏት ጋሽ ሽብሩ፣ የማብላያው ጠባቂም ሠራተኛም፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «እኛ ጸሎት ቤት አንድ ሰባኪ አለ፤ ልክ እንደዚህ ነው።»

«ጋሽ ሽብሩ፣ ዛሬ ቀልዱ ይቅርብኝ።»

ማብላያው ከሆሳዕና መናኸሪያ ጀርባ፣ ከመሬት በታች የተሠራ ትልቅ የታፈነ ጉድጓድ ነው። የመናኸሪያው ሽንት ቤትና የጎረቤቱ ኮንዶሚኒየም ፍሳሽ እዚያ ይገባል። አየር በሌለበት ሲብላላ የሚወጣው ጋዝ በቧንቧ ወደ ሐዳሳ አክስት፣ ወደ ትርፊት ምግብ ቤት ይሄዳል። የተረፈው ዝቃጭ ከገለባ ጋር ወራት ከርሞ በፈረስ ጋሪ ወደ ሌሞ የእንሰት ማሳ ይጓዛል። ድሮ ይህ ሁሉ በቦቴ ተቀድቶ ገደል ይደፋ ነበር። ሐዳሳ ከዩኒቨርሲቲ ወጥታ ሁለት ዓመት የለፋችው ይህ እንዲቀር ነው። መጀመሪያ ሰሞን ተሳፋሪው የትርፊትን ምግብ «የሽንት ቤት ባቄላ» ብሎ ስም አወጣለት። ሦስት ወር ሳይሞላ ስም አውጪዎቹ ራሳቸው ማለዳ መሰለፍ ጀመሩ።

ዛሬ መስከረም ሁለት ነው። መስከረም አሥራ አራት ደግሞ የከተማው ጽዳት ኃላፊ አቶ ኃይለመለኮት ኮሚቴያቸውን ይዘው ይመጣሉ። እሳቱ ከነደደ ከተማው ውስጥ ሁለት ተጨማሪ ማብላያ ይሠራል። ካልነደደ ይኸኛውም አፈር ይሞላበታል። በስልክ የነገሯት ይህንኑ ነው፦ «ወይዘሪት ሐዳሳ፣ ሪፖርትዎን አንብቤዋለሁ። አሁን እሳት ያሳዩኝ።»

እሳቱ መድከም የጀመረው ማክሰኞ ነው። ሐዳሳ ያላመናጨቀችው ሰው አልነበረም። መኪና አጣቢዎቹን «ዘይት ደፍታችኋል» አለቻቸው። የኮንዶሚኒየሙን ነዋሪዎች በበረኪና ጠረጠረች። ጋሽ ሽብሩንማ ሦስት ቀን ሙሉ እንደ ፖሊስ መረመረቻቸው። ከዚያ ከማብላያው ውስጥ በጣሳ ቀድታ የመመርመሪያውን ወረቀት ብትነክርበት ወረቀቱ ቀላ። ውስጡ ኮምጥጧል።

«አሲድ የደፋብኝን ሰው ባገኘው!» አለች። ወዲያው ስድስት ጆንያ ኖራ አስመጥታ ሁሉንም በአንዴ ልትገለብጠው ስትል፣ ትርፊት እጇን በሽርጧ እየጠረገች መጣች። የፍሳሹ መግቢያ ክዳን ተከፍቶ ነበር፤ ጎንበስ አለችና አሸተተች። ቀና ብላ ደግማ አሸተተች።

«ይሄ የሽንት ቤት ሽታ አይደለም» አለች።

«የምን ነው ታዲያ?»

«የኛው ነው። ቀን ያለፈው የቡላ ውሃ።»

ሐዳሳ ቅዳሜ ትዝ አላት።

ቅዳሜ፣ ጳጉሜን አንድ፣ የኮንዶሚኒየሙ ሴቶች ለሐዲያ ዘመን መለወጫ ለያሆዴና ለመስቀል እንሰት ፍቀው ነበር። ከሌሞ በአራት ጋሪ የመጣ እንሰት ግቢው ውስጥ ተከምሮ፣ ሠላሳ ቤት ተጠራርቶ፣ ሲፋቅና ሲጨመቅ ዋለ። ጭማቂው በርሜል ውስጥ ሲረጋ ቡላው ከታች ይዘቅጣል፤ ከላይ የሚቀረው ውሃ ይደፋል። ገጠር ቢሆን ጓሮ ይደፋና መሬቱ ይጠጣዋል። ኮንዶሚኒየም ግን ግቢው ሲሚንቶ ነው። ሴቶቹ «ሜዳው ድረስ ማን ይሸከመው?» እያሉ ሲከራከሩ፣ አብራቸው የዋለችው ሐዳሳ ለኮሚቴው የምትልከው ሪፖርት ነበረባትና መታገስ አላስቻላትም። የፍሳሹን ክዳን ራሷ አነሳች። «ክርክሩ ለዚህ ነው?» አለችና አንዱን በርሜል ገለበጠች፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን። ዘጠኝ በርሜል፣ በገዛ እጇ። ዱቄትና ስኳር የተሞላ ውሃ፣ በሁለት ቀን እንደሚኮመጥጥ ሕፃን እንኳ የሚያውቀውን ውሃ፣ ራሷ በሠራችው ማብላያ ሆድ ውስጥ።

«እኔ ነኝ» አለች።

ጋሽ ሽብሩ ከእግር እስከ ራሷ አዩአት። «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ሲባል ሰምቻለሁ። አፍስሳ ሌላውን 'ልቀም' የምትል ግን አንቺን አየሁ።»

«ይቅርታ፣ ጋሽ ሽብሩ።»

«ይቅርታሽን በኋላ እቀበላለሁ። አሁን መላ አምጪ።»

«ኖራው አለ። ስድስቱን ጆንያ...»

«ተይ!» አለች ትርፊት። «ቆጮ ሲበላሽ እንዲህ ነው የሚደረገው? በተበላሸ ላይ አይጨመርም። መጀመሪያ ጉድጓዱን ታሳርፊዋለሽ። ከዚያ ደህና ከያዘ ጉድጓድ እርሾ ታመጫለሽ።»

ሐዳሳ ተናደደች፤ የተናደደችው ግን አክስቷ ልክ ስለሆነች ነበር። ይህንኑ ነገር በሦስተኛ ዓመት ተምራዋለች፣ ተፈትናም ጥሩ ውጤት አምጥታበታለች። አሲዱን የሚያመርቱት ተህዋስያን ፈጣን ናቸው፤ አሲዱን ወደ ጋዝ የሚለውጡት ደግሞ ቀርፋፋ። ፈጣኖቹን ባጎረስሻቸው ቁጥር ቀርፋፋዎቹ ይታፈናሉ።

የዚያኑ ዕለት ፍሳሹን ድሮ ቦቴ ይቀዳው ወደነበረው አሮጌ ሴፕቲክ ታንክ አዞሩት። ኖራው በጆንያ መሆኑ ቀርቶ ጠዋትና ማታ በጣሳ እየተበጠበጠ ገባ። ሌሞ ውስጥ በከብት እበት የሚሠራ ደህና ባዮጋዝ ያለው ገበሬ ነበር፤ ከእሱ ሃያ ጀሪካን ዝቃጭ በጋሪ አስመጡ። ጋሪ ነጂው ምን እንደጫነ ሲነገረው «ከተማው የራሱ አንሶት ነው ከገጠር የምታስመጡት?» ብሎ ጠየቀ። 

ከዚያ በኋላ የሚሠራ ነገር አልነበረም። ለሐዳሳ ከሁሉም የከበዳት ይህ ነው። በቀን አራት ጊዜ ወረቀት ትነክራለች፤ ወረቀቱ ይቀላል።

«የቆጮ ጉድጓድ በየሰዓቱ አይከፈትም» አለቻት ትርፊት። «ቅጠሉን ባነሳሽ ቁጥር ነው የሚበላሸው።» ይህን ያለችው በጭስ ዓይኗ ደም መስሎ ነው፤ ባቄላውን በእንጨት መቀቀል ከጀመረች ሰንብታለች። ደንበኞቿም እያሳሉ «ኧረ የሽንት ቤቱ ይሻለን ነበር!» ይሏታል።

በሰባተኛው ቀን የወረቀቱ ቀለም ወደ ቢጫ አደላ። በአሥረኛው አረንጓዴ ጠቆም አደረገው። በአሥራ አንደኛው ቀን እሳቱ ያዘ፤ ሰማያዊ ምላስ አውጥቶ፣ ወዲያ ወዲህ ብሎ ጠፋ። ጋሽ ሽብሩ ቫልቩን ዘጉና «እስከ ነገ ማንም እንዳይነካው» አሉ። ማንም ያሉት ሐዳሳን ነው።

መስከረም አሥራ አራት ጠዋት አቶ ኃይለመለኮት ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር፣ አፍንጫቸውን በመሐረብ ይዘው ደረሱ። ሐዳሳ ክብሪቱን ለትርፊት አቀበለቻት፤ የራሷን እጅ አላመነችውም። የመጀመሪያው እንጨት ጠፋ። አቶ ኃይለመለኮት ሰዓታቸውን አዩ። ትርፊት ሁለተኛውን ጫረች።

ቧ! አለ። ክብ ሆኖ፣ ሰማያዊ ሆኖ ነደደ። አንድ ደቂቃ፣ ሁለት ደቂቃ፣ አምስት ደቂቃ ቆዩ፤ አልጠፋም። ትርፊት ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ድስቱን ጣደች። ሐዳሳ አሥራ ሁለት ቀን ይዛው የከረመችውን ትንፋሽ ለቀቀችው።

«ግን ቆሞ ነበር አሉ» አሉ አቶ ኃይለመለኮት። «ምን ነክቶት ነው?»

'የቴክኒክ ችግር' ማለት ይቻል ነበር። ጋሽ ሽብሩ ምን እንደምትል ሊሰሙ ጆሯቸውን አቅንተዋል።

«እኔ ነኝ ያስቆምኩት» አለች ሐዳሳ። «ዘጠኝ በርሜል የቡላ ውሃ በአንዴ ደፋሁበት።»

«ታዲያ ያሆዴ በየዓመቱ አይደለም እንዴ? ከርሞስ? ሁለት ሠርተን ሁለቱም በበዓል ዋዜማ ሊጠፉብን ነው?»

ሐዳሳ ይህን አላሰበችበትም ነበር። የመለሰችው ትርፊት ናት፣ ባቄላውን እያማሰለች። «ጌታዬ፣ የቡላ ውሃ መርዝ አይደለም፤ ምግብ ነው። ዘጠኝ ሰው የሚበላውን ለአንድ ሰው ቢያጎርሱት ሆዱ አይነፋም? በርሜሉን አስቀምጦ በቀን አንድ ባልዲ መስጠት ነው።»

ሐዳሳ በልቧ አሰላችው። ለዚያ ትልቅ ጉድጓድ አንድ ባልዲ ምንም አይደለም፤ አሲዱ ሳይከመር ያብላላዋል። ያውም ውሃው ውስጥ ያለው ዱቄት ራሱ ጋዝ ይሆናል። «እንዲያውም እሳቱን ይጨምረዋል» አለች። ድምፅዋ ውስጥ የነበረው ግርምት የእውነት ነበር።

አቶ ኃይለመለኮት መሐረባቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ረቡዕ ነበርና ጾመኛ ናቸው፤ ባቄላ ግን ጾም አያስገድፍም። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «እንግዲህ ሁለቱ ይሠሩ» አሉ። «ለእኔ ቃሪያ ይብዛበት።»

ከሰዓት በኋላ ሐዳሳ አንድ ሰማያዊ በርሜል አንከባልላ የኮንዶሚኒየሙ ፍሳሽ መግቢያ አጠገብ አቆመችና ባልዲ አሰረችበት። ቀለም ፍለጋ ሄዳ ስትመለስ ጋሽ ሽብሩ ቀድመዋታል። በርሜሉ ላይ በትልልቁ ጽፈው ብሩሹን እየጠረጉ ነበር፦

«የቡላ ውሃ። በቀን አንድ ባልዲ ብቻ። ሐዳሳም ብትሆን።»