ትምህርት ሳይዘጋ ወደ አባባ

ልብስ ሰፊዋ ባሏን የምታገኘው በስልክ ብቻ ነበር። ሰውየው በሐይቅ ላይ መንገደኛ በሚያመላልስ መርከብ የሞተር መካኒክ ነው፤ ከቤቱ የአንድ ሙሉ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ርቆ ይኖራል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አገር ምድሩ ልጁን ይዞ ወደ ሐይቁ ስለሚጎርፍ መርከቡ ከጠዋት እስከ ማታ ዕረፍት የለውም። መካኒኩም ፈቃድ ብሎ ነገር በአፉ አይዞርም። ትምህርት ሲከፈት ግን መንገደኛው ይጠፋል፤ መርከቡ ዳር ይታሰርና ሞተሩ ተፈትቶ ይጠገናል። ያኔ ማታ ማታውና እሁዱ የራሱ ይሆናል። ምን ዋጋ አለው፣ ያኔ ደግሞ ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው።

"እኛና አባታችሁ በረኛና ዘበኛ ሆነናል" ትላለች እናትየው። "አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል።"

ሰውየው ሥራውን ከጀመረ ወዲህ ቤቱ የመጣው አንዴ ነው፤ ለዚያውም ገብቶ ለመውጣት ያህል። ያኔ ትንሿ ልጅ ገና ጡት አልጣለችም ነበር። አሁን አራት ዓመቷ ነው፤ ሚጢጢ ይሏታል። "አባባ የት ነው?" ሲሏት ወደ ስልኩ ትጠቁማለች። ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ደግሞ "ዝም በሉ፣ አባባ እየበላ ነው" ትላለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

አንድ ቀን ግን እናትየው መሳቅ አቃታት። ጎረቤቷን ለልብስ ልትለካ ቤቷ ሄዳ ሳለ የቤቱ አባወራ ከሥራ ገባ፤ ልጆቹም እየሮጡ አንገቱ ላይ ተንጠለጠሉ። ሚጢጢ ቆማ ሰውየውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚያ የእናቷን ቀሚስ ጎተት አድርጋ፣

"እማ፣ የነሱ አባባ ለምን እግር አለው?" አለች።

እናትየው ሜትሯን ጠቅልላ፣ የጎረቤቷን ወገብ ሳትለካ ወደ ቤቷ ተመለሰች። የዚያኑ ቀን ወሰነች። ትምህርት ይዘጋ አይዘጋ፣ ልጆቹን ይዛ ትሄዳለች።

ያስቸገረችው ታላቂቱ ነበረች። አምስተኛ ክፍል ናት። ነገር ስለማታሳልፍ፣ የእናቷንም የአስተማሪዎቿንም አፍ ስለምታስይዝ "ጠበቃ" የሚል ስም ወጥቶላታል። ከትምህርት ገበታዋ ቀርታ አታውቅም፤ ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ሶፍቷን ይዛ ትሄዳለች።

"ፈተና አለብኝ" አለች። "አልሄድም።"

"አባትሽ አልናፈቀሽም?"

ጠበቃ መልስ አልሰጠችም። እንዲህ ያለው ነገር ከእሷ አይጠበቅም ነበርና እናትየው ደነገጠች። ግን አልመረመረቻትም።

ልጅቷ ሆዷ ውስጥ የያዘችው ነገር ነበር። ድሮ አባቷ ሲደውል ስልኩን ከእናቷ እጅ ነጥቃ የቀን ውሎዋን ትዘረዝርለት ነበር። እሱ ግን የሚመልስላት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ "ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ!" አንድ ቀን ትምህርት ቤት ደረጃ ላይ ወድቃ ጉልበቷ ተሰፋ። ሲደውል እያለቀሰች ነገረችው። "ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ!" አላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስልኩ ሲጠራ "ደህና ነኝ በዪው" ብላ ወደ ጓዳ ትገባለች።

እናትየው ልታስፈቅድ ወደ ዳይሬክተሯ ቢሮ ጠበቃን ይዛ ሄደች። በመንገድ ላይ ምክንያት ስታሰላስል ነበር።

"አያቷ ታመዋል ብል ምን ይለኛል?" አለች።

"የትኛዋ አያቴ?" አለች ጠበቃ።

"አንዷ ናታ! ምን ታፋጥጪኛለሽ?"

"ደህና ናቸው ሁለቱም።"

ቢሮው ጠባብ ነበር፤ መስኮቱ ሥር አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ የደወል ሰዓቶች ዝርዝር። ዳይሬክተሯ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩአቸው።

"ምክንያትዎ ምንድን ነው?"

"አያቷ..." ብላ ጀመረች እናትየው። ከጎኗ የልጇ ዓይን እንደ መርፌ ወጋት። "አይ፣ ልዋሽዎት አልችልም። ይቺ ልጅ አታስዋሸኝም። አባቷን ልታይ ነው። የእሱ ሥራ ፋታ የሚሰጠው እናንተ ስትከፍቱ ብቻ ነው።"

ዳይሬክተሯ በረጅሙ ተነፈሱ። "እትዬ፣ ስንቱ ወላጅ መጥቶ ይህንኑ ይለኛል። አንዱ ሠርግ አለብኝ ይላል፣ አንዱ ቲኬት አሁን ይቀንሳል ይላል። ለሁሉም እሺ ካልኩ ለወንበር ነው የማስተምረው። ፈተናው ካመለጣት አመለጣት፤ ዜሮ ነው። ለሷ ብዬ ሌላ አላወጣም።"

"ገባኝ። እዚህ ያመለጣትን ትምህርት አንድ ቀን ታገኘዋለች። አባቷ ያመለጣት እንደሆነስ?"

ዳይሬክተሯ እስክሪብቷቸውን አገላበጡት። "መፍቀድ አልችልም" አሉ በመጨረሻ ዝግ ብለው። "እግር አስሬ ማስቀረትም አልችልም። ልጅዎ ናት።"

ከቢሮው እንደወጡ ጠበቃ እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። "ሁለተኛ አላናግርሽም!" አለች። ቃሏን ጠብቃም እስከ አውቶቡሱ ድረስ ዝም አለች። መንገድ እኩሌታ ላይ ግን ሚጢጢ ሽንቷ መጣ፣ ሹፌሩም አልሰማ አለ። ያን ጊዜ ጠበቃ ብድግ ብላ፣ "ወንድም ጋሼ! ወንበሩ ቢበላሽ እኛ የለንበትም!" ብላ ጮኸች። አውቶቡሱ ቀጥ አለ፤ ተሳፋሪው ሳቀ፤ ኩርፊያውም በዚያው ተበላሸ።

አመሻሽ ላይ ሐይቁ ዳር ደረሱ። መካኒኩ መናኸሪያው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ሸሚዙ ታጥቦ ተተኩሷል፤ እጁን ግን ሳሙና አላሸነፈለትም፤ ጥፍሩ ሥር ግራሶ አለ። ሲያያቸው በጉልበቱ ተንበርክኮ ክንዱን ዘረጋ። ሚጢጢ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ጥልቅ አለች።

"ይሄ ሰውዬ ማነው?"

"አባባ ነው እኮ!"

"አይደለም" አለች ሚጢጢ ከቀሚሱ ውስጥ።

የሰውየው ክንድ እንደተዘረጋ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ተነሣና "ደህና ናችሁ? መንገዱ እንዴት ነበር?" አለ። የጮኸው መንገደኛው ሁሉ እስኪዞር ድረስ ነው። ጠበቃ አፈረች። ለምን ይጮኻል? ጉንጯን ሰጠችውና ሻንጣዋን ራሷ ተሸከመች።

መኖሪያው የመርከብ ሠራተኞች ግቢ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ ከጓደኛ የተዋሰው ፍራሽ፣ ቡታጋዝ፣ በገመድ ላይ የተሰጣ ቱታ፣ ምስማር ላይ የተሰቀለ የጆሮ መሸፈኛ። በር ሥር ሁለት ጥንድ አዳዲስ ነጠላ ጫማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

"ይሄ ያንቺ ነው" አለ ለጠበቃ።

እግሯን ብታስገባ ግማሽ ተረከዟ ውጪ ቀረ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ እግሯን ሲያይ ቆየ። "አደገ እንዴ?" አለ። እሷ ሁለተኛ ክፍል ሳለች የነበረውን ቁጥር ነበር የገዛው። ጠበቃ "ትንሽ ነው የጠበበኝ፣ ይለቃል" አለችና ያንኑ አድርጋ አደረች።

በማግስቱ ሚጢጢ ባሰባት። ሰውየው ዳቦ ሲሰጣት እናቷ ሥር፣ ሲስቅላት አልጋው ሥር። እሱም "አታስጨንቋት" ብሎ ደጅ ያለው አግዳሚ ላይ ወጥቶ ተቀመጠ። ጠበቃም ተከትላው ከጎኑ ቁጭ አለች።

ውስጥ ሚጢጢ እናቷን ትነዘንዛለች። "አባባ ጋ ደውዪልኝ! የኔ አባባ ጋ!" እናትየው ሳቋን ይዛ ደወለችላት። የሰውየው ኪስ ተንቀጠቀጠ። ስልኩን አውጥቶ ፈገግ አለና ጆሮው ላይ ለጠፈው።

"አባባ" አለች ሚጢጢ ከበሩ ጀርባ። ድምፅዋ በበሩም በስልኩም ይሰማል። "እዚህ አንድ ትልቅ ሰውዬ አለ። ፈራሁት።"

"ጎሽ የኔ ልጅ፣ በርቺ!" አለ ሰውየው።

"ና ውሰደኝ።"

"ጎሽ! በርቺ!"

ጠበቃ ቀና ብላ አየችው። ስልኩን ጆሮው ላይ ጣቶቹ እስኪነጡ አጥብቆ ይዞታል። ግንባሩ ተጨማድዷል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ከሩቅ የሚመጣ ነገር እንደሚጠብቅ ሰው ነው። ቀስ ብላ ተነሣችና በግራው በኩል፣ ትንሽ ከኋላው ቆመች።

"አባባ" አለች። አልዞረም። "አባባ!" አለች ከፍ አድርጋ። ግቢው ውስጥ ልብስ የምታሰጣ ሴት ዞር አለች፤ እሱ አልዞረም።

ወደ ቀኙ ዞረችና አፏን ጆሮው ሥር አስጠጋች። "አባባ፣ አትሰማም እንዴ?"

ሰውየው ስርቆት ላይ እንደተያዘ ሰው ደነገጠ። "እሰማለሁ እንጂ! ትንሽ... ሞተሩ ነው። ይጮህብኛል።"

"ጉልበቴ የተሰፋ ጊዜ ጎሽ አልከኝ።"

"የቱ ጉልበት? መቼ?"

ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ ጠባሳውን አሳየችው። ሰውየው በዚያ ግራሶ በያዘው አውራ ጣቱ ጠባሳውን ዳሰሰው፤ ብዙ ጊዜ ዳሰሰው።

"ድምፃችሁን እኮ እሰማዋለሁ" አለ ዝቅ ብሎ፤ ከመጡ ጀምሮ ሳይጮህ ሲናገር ይህ የመጀመሪያው ነበር። "ቃሉ ነው የሚጠፋብኝ። ድምፅሽ ሲፈጥን ደስ ያላት ነገር አለ ብዬ ጎሽ እላለሁ። ሲዘገይ ደግሞ በርቺ እላለሁ። ሌላ ምን ልበል? ሁልጊዜ ምን አልሽ፣ ምን አልሽ ስላችሁ ሰልችቷችሁ ስልኩን ትተዉብኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።"

ጠበቃ አንገቱ ሥር ተወሸቀች። የሰበሰበችውን ሁሉ እዚያው አለቀሰችው። ሲበርድላት፣ "እማ ታውቃለች?" አለችው።

"አታውቅም። ትጨነቃለች። አንቺም እንዳትነግሪያት።"

"እኔ አልነግራትም። አንተ ትነግራታለህ። እኔ ከጎንህ እቆማለሁ።"

ሰውየው እንባው እየወረደ ሳቀ። "ደግ ጠበቃ ነው የያዝኩት።"

"በመጀመሪያ ግን ሚጢጢ ና ውሰደኝ ብላሃለች። ትልቅ ሰውዬ አስፈርቷታል።"

መካኒኩ እንባውን በእጅጌው ጠረገና ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ወደ በሩ ሄደ። "መጣሁ፣ የኔ ልጅ" አለ በስልኩ። "መጣሁ።" በሩን በቀስታ ገፋው። ሚጢጢ መሬት ላይ ተቀምጣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ድምፁ ከሁለት ቦታ መጣባት። ስልኩን አየች፤ ቀና ብላ አፉን አየች። እንደገና ስልኩን። ተነሥታ ተጠጋችውና ጣቷን ከንፈሩ ላይ አደረገች።

"አባባ፣ ወጣህ?" አለች።

ሰውየው ግራ ተጋብቶ ወደ ታላቂቱ ዞረ። እሷም በቀኝ ጆሮው፣ "ከስልኩ ወጣህ ወይ ነው የምትልህ" አለችው።

"ወጣሁ" አለ። "አዎ፣ ወጣሁ።" ሚጢጢም ክንዱ ውስጥ ገባች። እግሩንም ነካ ነካ አድርጋ አረጋገጠች።

እናትየው ነገሩን የሰማችው ከምሳ በኋላ ነው። እስከ መጨረሻው አዳመጠች፤ ከዚያ በቀኝ ጆሮው በኩል ተቀምጣ ልክ ልኩን ነገረችው። ግቢው ሁሉ ሰማ። "ሞተሩን በጆሮህ ነው እንዴ የምትፈታው? ያ የጆሮ መሸፈኛ ምስማር ላይ የተሰቀለው ለጌጥ ነው?" ስትጨርስ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች፤ ባሏም ራሷን ይዞ ተቀመጠ።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ አራቱም አብረው ሄዱ። ግራው አይመለስም ተባለ። ቀኙ ግን ከጩኸት ከራቀ ይተርፋል፤ ማዳመጫም ቢደረግለት ይረዳዋል። የመርከቡ አለቃ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። "ስጠራው ዝም ሲለኝ የናቀኝ መስሎኝ ነበር" አለ። ከዚያ ወር ጀምሮ መካኒኩ መሬት ላይ ባለው ወርክሾፕ እንዲሠራ ተደረገ።

ጠበቃ ስትመለስ ዜሮዋ ይጠብቃት ነበር። ዳይሬክተሯ ቃላቸውን አላጠፉም። በዓመቱ መጨረሻ ከአንደኛ ወደ አራተኛ ወረደች፤ ውጤቱን በያዘችበት ቀን ትራሷ ውስጥ ተደፍታ አለቀሰች፣ እራትም አልበላች። ዳይሬክተሯ ግን ከዚያ ወዲህ ኮሪደር ላይ ባገኟት ቁጥር አንዴ ቆም ይሉና "አባትሽስ?" ይሏታል። "ደህና ነው፣ ቲቸር" ትላለች። ሌላ አይነጋገሩም።

ትምህርቱ ሲዘጋ ልብስ ሰፊዋ የቤቷን ዕቃ አስጭና ከነልጆቿ ወደ ሐይቁ ከተማ ተዛወረች። ሁለት ክፍል ተከራዩ፤ አንዱ በረንዳ አለው። የስፌት መኪናዋን እዚያ ተከለች። የመጀመሪያው ደንበኛ የመርከቡ አለቃ ነበር። የሥራ ኮቱን ጨብጦ መጣ፤ ቦርጩ ገፍቶ ሁለት ቁልፍ ተበጥሶበታል።

"ትንሽ ልቀቂልኝ፣ እህቴ" አለ አፍሮ። "ልብሱ ነው የጠበበው።"

"ልብስ እንዲህ ያደርጋል" አለች እናትየው፣ ሜትሯንም አንገቷ ላይ አድርጋ ከወንበሯ ተነሣች።