የክፍል ሁለት ተነሺ

ማክሰኞ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የእህቴ የዘይነባ ክፍል በሰባ ሳንቲሜትር ጠበበ። ለክቼ ነው የምናገረው። ሃያ ሁለት ዓመት መሬት ስለካ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝና በሜትር ነገር አልቀልድም። ወርዱ ሦስት ሜትር ከሃያ የነበረው ክፍል ሁለት ሜትር ከሃምሳ ሆኗል። ወጥቼ ቤቱን ዙሪያውን ለካሁት፤ ከውጭ አንዲት ሳንቲም አልጎደለም። የክፍሉ ቀለም አልተሰነጠቀም፤ የቀን መቁጠሪያውም እንደ በፊቱ የግድግዳው መሐል ላይ ተሰቅሏል።

ያጠበብኩት እኔ ነኝ። እንዴት እንደሆነ በተራ ላስረዳ።

አንድ ታብሌት አለኝ። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ያመጣልኝ ነው። አብሮት የመጣው ሲስተም አርጅቶ አንድም መተግበሪያ አልቀበልም ሲል፣ ስልክ ጥገና ቤት ያለው ከማል ከጎኑ ሌላ ሲስተም ጫነልኝ። በየአገሩ ያሉ ሰዎች በነፃ የሚሠሩት ነው። አሮጌውን ግን አላጠፋውም፤ አብረው ይኑሩ አለኝ። አብረው ኖሩ፤ ችግሩ ለአዲሱ የደረሰው ቦታ አራት ጊጋባይት ብቻ መሆኑ ነው። ሠርግ ቤት ዘግይቶ እንደመጣ እንግዳ በር ላይ ቀረ።

አዲሱ ሲስተም አማርኛ አያውቅም ነበር። ጡረተኛ ምን ሥራ አለው፣ ቁጭ ብዬ ተረጎምኩት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ እንዲሉ፣ ቃላቱን ሁሉ ከኖርኩበት ከመሬት ቢሮ አመጣኋቸው። ፋይል የሚቀመጥበትን ቦታ «ይዞታ» አልኩት። ቦታ መጨመርን «ማስፋፊያ» አልኩት። ታብሌቱ ለሁለቱ ሲስተሞች ሲከፈል አዲሱ ያለበትን «ክፍል አንድ»፣ አሮጌው ያለበትን «ክፍል ሁለት»፣ ለማስፋፊያ ሲባል ቦታ የሚለቁትን ፋይሎች ደግሞ «ተነሺዎች»። ትርጉሙን የላክሁላቸው የሲስተሙ ሠሪዎች አመስግነው ተቀበሉኝ። እኔም ኮርቼ ነበር፣ አልዋሽም።

ማክሰኞ ጠዋት ሲስተሙ ለመታደስ ሁለት ጊጋባይት እንደሚጎድለው ነገረኝ። ካልታደሰ የስምንት ወር ትርጉሜ አይከፈትም። ከማል ጋ ደወልኩ። ከአንዱ ክፍል ካልተቀነሰ ለሌላው አይጨመርም አለኝ። «ማስፋፊያ» የሚለውን ተጫንኩ። ከየትኛው ክፍል ይቀነስ ሲለኝ አሮጌውን ሲስተም አስቤ ክፍል ሁለትን መረጥኩ። «ተነሺዎች አሉ። ይቀጥል?» አለ። እሺ አልኩ።

የምንኖርበት ቤት ሁለት ክፍል ነው። አንደኛው የእኔ ነው፣ ሁለተኛው የዘይነባ።

ዘይነባ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ቀን ከሌት የሰው ልብስ እየሰፋች ትምህርት ቤት ላከችኝ፣ ራሷ ግን ፊደል አልቆጠረችም። ሳታገባ የቀረችው በእኔ ምክንያት ነው ይላሉ፤ ከእሷ አፍ ግን ሰምቼው አላውቅም። በዚያ ጠዋት ከክፍሏ ወጥታ አልጋዋ ከስፌት መኪናዋ ጋር መጋጠሙን ነገረችኝ። ቤቱ አርጅቶ ይሆናል አለች። ይሆናል አልኳት። ታብሌቱ ላይ አንድ ጊጋባይት ተጨምሮ ነበር።

ሁለት ቀን ፈርቼ ሳልነካው ቆየሁ። ሐሙስ ዕለት ግን የቀረው አንድ ጊጋባይት እረፍት ነሣኝ። እንደ ሰው ልሁን ብዬ ከራሴ፣ ከክፍል አንድ እንዲቀነስ ጠየቅሁ። «ክፍል አንድ የጠያቂው ይዞታ ስለሆነ አይነካም» ሲል መለሰልኝ። ዓረፍተ ነገሩ የራሴ ነው፤ ሲስተሙ የተቀመጠበትን ክፍል ራሱ መቀነስ አይችልም ለማለት የጻፍኩት። ስለዚህ ክፍል ሁለትን ተጫንኩ። አፈርኩ፣ ግን ተጫንኩ።

ዘይነባ ከገበያ ስትመለስ ክፍሏ አንድ ሜትር ከአሥር ሆኖ ጠበቃት። ሁለተኛው ማስፋፊያ ከመጀመሪያው የሚበልጥ መሆኑን ከሥራዬ አውቀው ነበር፣ ረስቼው እንጂ። የስፌት መኪናውን ተጋግዘን ወደ እኔ ክፍል አወጣነው። አልጋዋ ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቶ ስለተቀመጠ በግርጌው በኩል እየወጣች መተኛት ጀመረች። ሲስተሙ ታደሰ። ትርጉሜም ተከፈተ፤ አንድም ፊደል አልጎደለም። ከሥሩ አንድ ማስታወቂያ ነበር፦ «ቀጣዩ ማስፋፊያ ቅዳሜ አራት ሰዓት ላይ በራሱ ይፈጸማል። ምንም መጫን አያስፈልግዎትም።»

አርብ ጠዋት ታብሌቱን ይዤ ወደ ከማል ሮጥኩ። ከማል ፈታትሾ አየው። ታብሌቱ ቢዘጋም ቀጠሮው እንደማይሰረዝ፣ ክፍሉን ወደ ድሮው መመለስ ቢቻልም ውስጡ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ነገረኝ።

«ክፍል ሁለት ውስጥ የምትፈልገው ነገር አለ?» አለኝ።

«እህቴ አለች» አልኩት።

ከማል ፊቴን ትንሽ አየና ታብሌቱን መለሰልኝ። የሠራበትንም አልጠየቀኝም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ለዘይነባ ነገርኳት። አልጋዋ ጫፍ ላይ ሆና፣ ጉልበቷ ግድግዳውን እየነካ ሰማችኝ። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ በወደድኩ።

«ተነሺ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ለማስፋፊያ ሲባል ከቦታው የሚነሣ ሰው ነው፣ እታለም።»

«ምትክ ይሰጠዋል?»

«ሕጉ ይሰጠዋል ይላል።»

«አንተስ ሲሰጥ አይተህ ታውቃለህ?»

«የእኔ ሥራ መለካት ብቻ ነበር» አልኳት።

እኔ ክፍል እንድትተኛ ለመንኳት፤ እግሯ ላይ ወደቅሁ። ከክፍሌ ከወጣሁማ ተነሣሁ ማለት አይደል ብላ እምቢ አለች። ከዚያ እንደ ልጅነቴ ራሴን ዳበሰችኝ።

«አብሽር ሙሄ፣ ቤት ሰው አይበላም።»

ቅዳሜ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ በሯ ላይ ወንበር አድርጌ ተቀመጥኩ። እሷ አልጋዋ ላይ ናት፣ በሩ ክፍት ነው፣ እጇን ይዤያለሁ። ስለ ሽንኩርት ዋጋ ስታወራኝ ነበር። አራት ሰዓት ሲሆን የያዝኩት ግድግዳ ነበር።

ጮህኩ። ግድግዳውን በጡጫ መታሁት፤ ቀለሙ የደረቀና የቆየ ነው፣ በር የነበረበት አይመስልም። በውጭ በኩል ዞርኩ። መስኮቷ በቦታው አለ፣ መጋረጃውም ተጋርዷል። መስታወቱን ሰብሬ መጋረጃውን ስገልጠው ከኋላው ጡብ ነበር። ጎረቤት ሰምቶ መጣና ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ። እህቴን እየፈለግኩ ነው አልኩት። ገበያ ትሆናለች ብሎኝ ሄደ።

ተመልሼ ክፍሌ ገባሁና ታብሌቱን አነሣሁ። «ማስፋፊያው ተፈጽሟል። ተነሺ፦ አንድ። ምትክ ቦታ፦ ተሰጥቷል» ይላል። ምትክ ቦታ የሚለውን ነካሁት። ስክሪኑ ላይ ከቴምብር የማይበልጥ ጥቁር አራት ማዕዘን ተከፈተ።

«ሙሄ» አለችኝ ከውስጡ። ድምፅዋ የታወቀው ድምፅዋ ነው፣ ትንሽ ብቻ ቀጥኗል።

«አለሁ እታለም።»

«ምትኩ ጠባብ ነው። ክንዴን መዘርጋት አልቻልኩም።»

«ትተነፍሻለሽ?»

«ለጊዜው።»

ከአራት ማዕዘኑ ሥር ጽሑፍ መጣ። «አዲስ የማስፋፊያ ጥያቄ። ጠያቂ፦ ዘይነባ። ከክፍል አንድ ይቀነሳል። ተነሺዎች አሉ። ይቀጥል?» ከሱ ቀጥሎ «እሺ» እና «ይቅር» የሚሉት ተቀምጠዋል። ክፍል አንድ አሁን የጠያቂው ይዞታ አይደለም፤ ስለዚህ ይነካል። በጣቴ «ይቅር»ን ነካሁት፣ አልሠራም። ጥያቄው የእኔ አልነበረም።

«ሙሄ፣ አንድ ነገር እየጠየቀኝ ነው» አለች። «የሚጫኑት ሁለት ነገር አለ። እኔ ማንበብ አልችልም። የትኛው ነው የሚሻለው?»

ፈራሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ክፍሌን ዞሬ አየሁት፤ በሩ ከኋላዬ ሁለት እርምጃ ላይ ክፍት ነበር። ዋሽቼ «ይቅር»ን ብጠቁማት የሚያውቅብኝ ሰው አልነበረም። እሷም ብትሆን አታውቅብኝም። ትንፋሽዋ በታብሌቱ ድምፅ ማውጫ በኩል እያጠረ ይሰማኛል።

«ሁለት ፊደል ያለውን» አልኳት። «ሦስት ያለውን እንዳትነኪ። ቁጠሪና ሁለት ያለውን ተጫኚ።»

ተነሥቼ በሩን ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ቀስ ብላ፣ ጨርቅ ስትለካ እንደምትቆጥረው ስትቆጥር ሰማኋት።

«አንድ። ሁለት።»

«እሺ» የሚለው ማንም ሳይነካው ወደ ውስጥ ሰመጠ። ከፊት ለፊቴ ካለው ግድግዳ ሥር የቆዳ ጫማዎቼ ተቀምጠው ነበር። ጫፋቸውን ወደ እኔ አድርገው፣ ጎን ለጎን፣ ባዶአቸውን መምጣት ጀመሩ።